ጥያቄ ፍርድ አይደለም፦ ከነጃሺ ችሎት እስከ አሜሪካ የካውንቲ እስር ቤት



በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሲገናኙ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «የመኪናዬ የኋላ መብራት ተቃጥሎ የሰፈሩ ፖሊስ ቢያስቆመኝ፣ ለኢሚግሬሽን አሳልፎ ይሰጠኛል ወይ?» ጥያቄው ወረቀት የሌለውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልታየለት፣ ጊዜያዊ ከለላ ያለው፣ ባለ ግሪን ካርድ ሆኖ እናቱ ወይም ባለቤቱ ወረቀት የሌላቸው ሁሉ ይጠይቀዋል።

እኛ ጠበቆች አይደለንም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያለ ምክንያት አይሸበርም፣ ያለ ምክንያትም አይዘናጋም። ስለዚህ ዛሬ የአካባቢ ፖሊስና የፌደራሉ የኢሚግሬሽን አስከባሪ ግንኙነት ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ እንመለከታለን። መነሻችን ግን አሜሪካ ሳይሆን የገዛ አገራችን ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ መልእክተኞች

በ615 ገደማ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) በመካ ስቃይ የበዛባቸውን ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሰደዱ መከሯቸው። ቁረይሾች ግን ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ንጉሥ ነጃሺ ላኩ። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያስተላለፉልን እዚያው ስደት ላይ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

መልእክተኞቹ ብልሆች ነበሩ። ንጉሡ ፊት ከመቅረባቸው በፊት የመካን ምርጥ ቆዳ ለባለሟሎቹ አደሉ። ሹማምንቱም ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግሩ አሳልፈው እንዲሰጡ እንዲመክሩላቸው ተስማሙ። ምክንያታቸው ለጆሮ የሚጥም ነበር፤ ሰዎቹን የሚያውቋቸው ወገኖቻቸው ናቸው፣ ጥፋታቸውንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው የሚል ነው።

ነጃሺ ተቆጡ። አገራቸውን መርጠው የተጠጉ ሰዎችን ሳይሰሙ እንደማይሰጡ ማሉ። ልብ በሉ፣ ንጉሡ መልእክተኞቹን ውሸታሞች ናችሁ ብለው አላባረሩም። ክሱ እውነት ሆኖ ከተገኘ ሰዎቹን እንደሚመልሱ፣ ካልሆነ ግን እንደሚጠብቋቸው ነው የተናገሩት። ከዚያ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው ተናገሩ፣ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። ንጉሡም አለቀሱ፤ ስጦታውም ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ መርህ አለ፦ አሳልፋችሁ ስጡን የሚል ጥያቄ ፍርድ አይደለም። በጥያቄውና በፍርዱ መካከል የተጠየቀበት ሰው የሚሰማበት ቦታ መኖር አለበት። የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የዚያ ቦታ መስፋትና መጥበብ ታሪክ ነው።

በፋይትቪል እስር ቤት ውስጥ የተጻፈ ዐረብኛ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1810 በሰሜን ካሮላይና ፋይትቪል በምትባል ከተማ አንድ ኮብላይ ተይዞ እስር ቤት ገባ። ሰውየው ዑመር ኢብን ሰዒድ ይባላሉ። በ1770 ገደማ በፉታ ቶሮ፣ በዛሬዋ ሴኔጋል አካባቢ ተወልደው ለብዙ ዓመታት ዒልም የቀሰሙ ሙስሊም ነበሩ። በ1807 ቻርልስተን ወደብ ላይ ተሸጡ። ከጨካኝ ጌታ ሸሽተው ነው ፋይትቪል የደረሱት። እዚያ 16 ቀን ታሰሩ። በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ በዐረብኛ መጻፋቸውን ታሪካቸውን የዘገቡ ሰዎች ይናገራሉ። ማንበብ የሚችል ግን አልነበረም። በመጨረሻ ለሌላ ጌታ ተላለፉ፤ በባርነት እንደተያዙም በ1860ዎቹ አረፉ። በ1831 በዐረብኛ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ዛሬ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የሚከፍተውም በሱረቱል ሙልክ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዛሬን ስደተኛ በባርነት ከተሸጠ ሰው ጋር እኩል እያደረግን አይደለም። የምናነሳው የአካባቢ እስር ቤት በሌላ ሰው ጥያቄ ሰው ይዞ የማቆየት ልማድ በአሜሪካ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ፣ ሕጉም ከዚያው እንደተወለደ ለማሳየት ነው።

ኮብላዮችን የሚመለከተው የ1793ቱ የፌደራል ሕግ ጌታው ወይም ወኪሉ ሰውየውን ይዞ በአካባቢው ዳኛ ፊት በማቅረብ እንዲወስደው ይፈቅድ ነበር። በ1842 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሪግ በፔንሲልቫኒያ ላይ በተባለው ጉዳይ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ክፍለ ግዛቶች ይህን የፌደራል ሕግ የሚያደናቅፍ ሕግ ማውጣት አይችሉም። ሁለተኛ፣ የክፍለ ግዛት ሹሞችም ሕጉን እንዲያስፈጽሙ አይገደዱም። የሰሜን ግዛቶች ሁለተኛዋን ይዘው ተነሱ። ማሳቹሴትስ በ1843 ሹሞቿ ኮብላይ በመያዝ እንዳይተባበሩ፣ እስር ቤቶቿም ለዚህ ሥራ እንዳይውሉ ከለከለች።

ኮንግረስ በ1850 መልስ ሰጠ። አዲሱ ሕግ ጉዳዩን የሚያዩ የፌደራል ኮሚሽነሮች እንዲሠሩበት አደረገ። ኮሚሽነሩ ሰውየውን ለጌታው ከሰጠ 10 ዶላር፣ ነጻ ካወጣው 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። የተያዘው ሰው ደግሞ ስለራሱ ምስክርነት እንዳይሰጥ ተከልክሏል። ነጃሺ ከ1,200 ዓመታት በፊት የከፈቱትን በር ይህ ሕግ በጽሑፍ ዘጋው። ለሹማምንቱ የተበተነው ቆዳም በዶላር ተተካ።

ሥራው የማን ነው?

ባርነት ካበቃ በኋላ የ1842ቱ ሐሳብ አልጠፋም። ኢሚግሬሽን የፌደራል መንግሥት ሥራ መሆኑ ጸና። ከአገር ማስወጣትም በሕጉ ዓይን የፍትሐብሔር እንጂ የወንጀል ጉዳይ አይደለም። በ1979 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ልዩ ትእዛዝ 40 የተባለውን መመሪያ አወጣ። መመሪያው ፖሊሶች የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለማጣራት ብቻ ብለው እንዳያስቆሙ ይከለክላል። ያወጡት ስደተኛን በመውደድ የሚታወቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ፖሊስ የሚፈራው ሰው ምስክር ሆኖ እንደማይቀርብለት የገባቸው ፖሊሶች ናቸው።

በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጦር መሣሪያ ሽያጭ ጉዳይ ላይ፣ የፌደራል መንግሥት የአካባቢ ሹሞችን የፌደራል ሕግ እንዲያስፈጽሙለት ማስገደድ እንደማይችል በድጋሚ አረጋገጠ። ዛሬ አንዳንድ ከተሞች «አንተባበርም» ሲሉ የሚቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ማስገደድ ባይቻልም መጋበዝ ግን ይቻላል። ኮንግረስ በ1996 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ 287 ጂ የተባለውን አንቀጽ አስገባ። አንቀጹ የአካባቢ ፖሊስ ወይም ሸሪፍ በፈቃዱ ውል ፈርሞ፣ ሰዎቹን አሠልጥኖ የኢሚግሬሽን መኮንን ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ለዓመታት ግን የፈረመ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ፈራሚ ፍሎሪዳ ናት፤ የፈረመችውም በ2002 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምን እንደተፈጠረ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ከመስከረም አንዱ ቀን በኋላ

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ኢሚግሬሽንና ሽብር በአንድ መዝገብ ይጻፉ ጀመር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመባረር ውሳኔ ተላልፎባቸው ከአገር ያልወጡ ወደ 314,000 የሚሆኑ ሰዎችን ስም ወደ ኤፍቢአይ የወንጀል መረጃ ቋት የማስገባት ዕቅድ ይፋ ሆነ። ይህ ቋት ማንኛውም የትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር የሚጠይቀው ነው። የወንጀለኛና የመኪና ሌባ ስም ይፈለግበት የነበረው መዝገብ የፍትሐብሔር ጉዳይ ያለባቸውንም ሰዎች ይዞ መጣ። ፍለጋውም ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው አልቃኢዳ ይንቀሳቀስባቸዋል ከተባሉ አገሮች ለመጡ ሰዎች ነበር።

በሰኔ 2002 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት ልዩ የምዝገባ ሥርዓት አወጁ። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ የ25 አገሮች ወንዶች ቀርበው አሻራና ፎቶ እንዲሰጡ ታዘዙ። ከ25ቱ ከሰሜን ኮሪያ በስተቀር ሌሎቹ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው ወይም ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባቸው አገሮች ነበሩ። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳን፣ ሶማሊያና ኤርትራ ግን ነበሩበት። በዚያው መግለጫ ያልተመዘገቡ ሰዎች ስም ወደዚሁ የፖሊስ ቋት እንደሚገባ፣ የአካባቢ ፖሊስም ሲያገኛቸው እንዲይዛቸው ተጠየቀ።

ሕግ አክብረው በገዛ እግራቸው ለመመዝገብ ከቀረቡት ከ83,000 በላይ ወንዶች መካከል ከ13,000 በላይ የሚሆኑት የመባረር ክስ ተከፈተባቸው። ከዚህ ምዝገባ የተገኘ የሚታወቅ የሽብር ፍርድ የለም። የአገሮቹ ዝርዝር በ2011 ተሰረዘ፤ ደንቡ ራሱ በታኅሣሥ 2016 ተነሳ። መዝገቡ ተዘጋ፤ የፈረሰው ቤተሰብ ግን አልተመለሰም። ዛሬም መስጊድ ውስጥ ፖሊስ ሲታይ ትልልቆቹ ለምን እንደሚደነግጡ የሚገርመው ወጣት ካለ፣ መልሱ እዚህ ዓመት ላይ ነው።

ዛሬ አሠራሩ እንዴት ነው?

ከፖሊስ ወደ አይስ የሚወስዱ ሦስት መንገዶች አሉ። ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና እንለያቸው።

አንደኛው አሻራ ነው። ሴኪዩር ኮሚዩኒቲስ የተባለው አሠራር በ2008 በቴክሳስ ሃሪስ ካውንቲ ጀመረ። ሰው ታስሮ አሻራ ሲሰጥ፣ አሻራው ወደ ኤፍቢአይ ይሄዳል፤ ከዚያም በራሱ ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። ስለዚህ «የእኔ ከተማ ስደተኛን ትከላከላለች» የሚል ሰው ይወቅ፤ አሻራ ከተወሰደ መረጃው መድረሱ አይቀርም።

ሁለተኛው የማቆያ ጥያቄ ነው። አይስ ለእስር ቤቱ ወረቀት ይልክና፣ ሰውየው ሊፈታ ሲል እስከ 48 ሰዓት ተጨማሪ አቆዩልኝ ይላል። ወረቀቱን የሚፈርመው የኢሚግሬሽን መኮንን እንጂ ዳኛ አይደለም።

ሦስተኛው ከላይ ያልነው የ287 ጂ ውል ነው። በእስር ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራበት ዓይነት አለ፤ በመንገድ ላይ ጭምር የሚሠራበትም አለ። የመንገዱ ዓይነት የሰውን መልክ አይቶ በማስቆም ክፉኛ ተወቅሶ በ2012 ቀርቶ ነበር። በአሪዞና የማሪኮፓ ካውንቲ ሸሪፍ ጆ አርፓዮ ላቲኖችን በመልካቸው እየለየ ያስቆም እንደነበር የፌደራል ፍርድ ቤት በ2013 ወስኗል።

ፍርድ ቤቶች ምን አሉ?

በጥቅምት 2008 ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው በሜሪላንድ ፍሬድሪክ ካውንቲ፣ አንዲት ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ሴት የሥራ ሰዓቷ እስኪደርስ ቁጭ ብላ ሳንድዊች ትበላ ነበር። ሁለት የሸሪፉ ፖሊሶች ቀረቧትና መታወቂያ ጠየቋት። ስሟን ወደዚያ ቋት ሲልኩ የኢሚግሬሽን ማዘዣ ወጣባት፤ ያዟት። ካውንቲው የ287 ጂ ውል ነበረው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በውሉ አልሠለጠኑም ነበር። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የአካባቢ ፖሊስ የፌደራል ፈቃድ ወይም ትእዛዝ ሳይኖረው ሰውን በፍትሐብሔር የኢሚግሬሽን ጥፋት ብቻ መያዝ አይችልም ብሎ ወሰነ።

በዚያው በ2008 በፔንሲልቫኒያ አንድ ሰው ዋስትናውን አስይዞ ሊወጣ ሲል በማቆያ ጥያቄ ምክንያት ታግቶ ቀረ። ሰውየው በኒው ጀርሲ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ ነበር! በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወረቀቱ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ እንዳልሆነ ተናገረ። ስለዚህ እስር ቤቱ «ታዝዤ ነው» ብሎ ከኃላፊነት አይወጣም። በመካከሉ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሪዞና ሕግ ላይ ሲወስን፣ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ መገኘት በራሱ ባጠቃላይ ወንጀል እንዳልሆነ አስታውሷል። ፖሊስ በሌላ ሕጋዊ ምክንያት ያስቆመውን ሰው ሁኔታ ማጣራት ይችላል የሚለውን ክፍል ግን አላፈረሰውም።

ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚህ ውሳኔዎች ወደ ነጃሺ መርህ የሚመልሱን ናቸው። አንዳቸውም «ማንም አይባረር» አላሉም። ያሉት ጥያቄ ፍርድ አይደለም ነው።

ከ2025 ወዲህ

በጥር 20 ቀን 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ 287 ጂ በተቻለ መጠን እንዲስፋፋ አዘዘ። የቀረው የመንገድ ዓይነትም ተመለሰ። በዓመቱ መጀመሪያ 135 የነበሩት ውሎች ዓመቱ ሳያልቅ ከ1,000 በላይ ሆኑ። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ደግሞ በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንቱ የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን በሥራቸው አደረጉ። በዚያው ሳምንት የፖሊስ አዛዧ፣ ፖሊሶች ትራፊክ ሲያስቆሙ ጭምር ስላገኟቸው ሰዎች ለኢሚግሬሽን መረጃ እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ አወጡ።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ ሐቀኛው መልስ «እንደ ካውንቲው ነው» የሚል ነው። ቴክሳስ በ2017 ባወጣችው ሕግ ፖሊሶቿና እስር ቤቶቿ እንዲተባበሩ ታስገድዳለች። ኢሊኖይ በ2017፣ ዋሽንግተን ስቴት በ2019 ባወጧቸው ሕጎች ትብብሩን ገድበዋል። ድልድይ ተሻግሮ ሥራ የሚሄድ ሾፌር በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ሕግ ውስጥ ያልፋል።

የደጋፊዎቹንም ሐሳብ ፍትሐዊ ሆነን እንስማ። ወንጀል የሠራን ሰው ከእስር ቤት በር ላይ መረከብ፣ ሠፈር ውስጥ ገብቶ ከማሳደድ ለሁሉም የተሻለ ነው ይላሉ። ይህ ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ሰውን በደለ ተብሎ በፍርድ የተረጋገጠበትን ሰው የመከላከል ግዴታም የለብንም። ችግሩ መረቡ ያን ሰውና ሳንድዊች የምትበላዋን ሴት አለመለየቱ ነው።

ሌላም ዋጋ አለ። የመስጊዱ መስኮት ሲሰበር፣ ሒጃብ የለበሰች እህት ባቡር ውስጥ ስትተነኮስ፣ ሚስት በባሏ ስትደበደብ የሚጠራው ይኸው የአካባቢ ፖሊስ ነው። የተጠቃው ሰው ስልኩን ለማንሳት ከፈራ፣ አጥቂው ከለላ አገኘ ማለት ነው። ኮንግረስም ይህን ስለተገነዘበ ነው በ2000 የወንጀል ሰለባ ሆነው ለፖሊስ ለሚተባበሩ ስደተኞች ዩ ቪዛ የተባለውን ያቋቋመው። በቤቷ የምትደበደብ እህት ካለች ይህን ንገሯት።

ከታሪኩ ምን እንያዝ?

መጀመሪያ ዐህዳችንን እንጠብቅ። ወደ አንድ አገር በፈቃድ የገባ ሙስሊም የገባውን ቃል የማክበር አደራ አለበት። የሐሰት ወረቀት ማቅረብ፣ ለፖሊስ መዋሸት በዲንም በሕግም ያስጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለውም ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ ሕጋዊ ግዴታው ነው።

ቀጥሎ መብታችንን እንወቅ። ሾፌር መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ወረቀት ያሳያል፤ የት ተወለድክ ለሚለው ጥያቄ ግን በትሕትና ዝም ማለት ይችላል። ቤት ለመግባት ማዘዣ ይዘናል ሲሉ፣ የፈረመው ዳኛ ነው ወይስ የኢሚግሬሽን መኮንን የሚለውን ማየት ነው። ጠበቃ ሳያነበው ምንም ወረቀት አይፈረም። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ ስለዚህ የጀመዓው ኪስ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ካውንቲያችሁ ውል ይኑረው አይኑረው ጠይቁ። ሸሪፍ በአብዛኛው የሚመረጠው በሕዝብ ድምፅ ነው፤ ዜጋ የሆናችሁ ድምፃችሁ እዚያ ይቆጠራል።

በመጨረሻ ሚዛናችን አንድ ይሁን። በኅዳር 2013 በሪያድ መንፉሓ ሠፈር በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸውን አንረሳም። አባራሪው ሙስሊም ስለሆነ በደል ፍትሕ አይሆንም። በእኛም አገር ተጠግተው የሚኖሩ የሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኤርትራና የየመን ስደተኞች አሉ። ፖሊስ አስቁሞ ወረቀት ሲጠይቃቸው አጠገባቸው የምንቆመው እኛ ነን። ነጃሺን በቃል አወድሶ ጎረቤቱን ሳይሰማ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ከታሪኩ ምንም አልተማረም።

አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበት። አሳልፋችሁ ስጡን ብለው ቆዳ ይዘው የመጡት ዐምር ኢብኑል ዓስ ከዓመታት በኋላ ራሳቸው ሰለሙ፤ ከታላላቅ ሰሐባዎችም አንዱ ሆኑ (ረ.ዐ)። ያን ቀን ነጃሺ ጥያቄውን እንደ ፍርድ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ጃዕፈርና ጓደኞቻቸው በሰንሰለት ወደ መካ በተመለሱ ነበር። ነጃሺ ሲሞቱ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሆነው የሩቅ ሶላተል ጀናዛ ሰገዱባቸው።

አላህ (ሱ.ወ) በየአገሩ ያሉ ስደተኞቻችንን ይጠብቅልን፣ የታሰሩትን ይፍታልን፣ የተለያዩትን ቤተሰቦች ያገናኝልን። ለሹማምንትም ሳይሰሙ የማይፈርዱበትን ልብ ይስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለሚመለከታቸው ወገኖች ታደርሱት ዘንድ አደራ እንላለን።